ናርሲሲስት ነኝ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፦ ከጥርጣሬ እስከ ባለሙያ ምርመራ

ታናሽ ወንድሜ አንድ ማታ ደወለና ሰላም እንኳን ሳይለኝ "እኔ ናርሲሲስት ነኝ እንዴ?" አለኝ። እጮኛው ቀለበቱን መልሳለት ነበር። ረጅም ቴክስት ጽፋለት፣ መጨረሻው ላይ ያቺን ቃል አስቀምጣ ሄደች። ናርሲሲስት ሲባል በአጭሩ ራሱን ከልክ በላይ ትልቅ አድርጎ የሚያይ፣ የሌላው ስሜት የማይታየው ሰው ማለት ነው። እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ስለ ቃሉ ሲያይ ሰነበተ። ግማሹ ቪዲዮ ስለ እሱ የተሠራ መስሎታል፣ ግማሹ ደግሞ ስለ አባታችን።

ከዚያ ጥሪ የሐኪሙ የጽሑፍ ውጤት እጃችን እስኪገባ አምስት ወር ፈጀብን። አብሬው ተመላልሻለሁ። ካርድ አውጥቻለሁ፣ ወረፋ ጠብቄያለሁ፣ ተናዶ ሊሄድ ሲል በር ላይ ይዤ መልሼዋለሁ። ያኔ የሚነግረን ሰው ቢኖር ግማሹ ድካም ይቀርልን ነበር። እሱም "ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪው" ስላለኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ የሚመረመረው ማን ነው?

ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ስለ ራሳቸው አይደለም የሚጠይቁኝ። ስለ ባላቸው፣ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ አለቃቸው ነው። ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ሰውየው በሌለበት እሱን ማስመርመር አይቻልም። የቱንም ያህል ማስረጃ ሰብስባችሁ ብትሄዱ፣ ጨዋ ባለሙያ ያላየውን ሰው "ናርሲሲስት ነው" ብሎ አይጽፍላችሁም።

ይህ የባለሙያ ግትርነት አይደለም፣ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ መጽሔት ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር ስለነበረው ባሪ ጎልድዋተር በሺህ የሚቆጠሩ ሳይካትሪስቶችን (የአእምሮ ሐኪሞችን) ጠይቆ፣ አንድም ቀን ሳይመረምሩት የሰጡትን አስተያየት አትሞ አወጣ። ጎልድዋተር ከሰሰና አሸነፈ። በ1973 የአሜሪካ የሳይካትሪ ማህበር፣ ባለሙያ ያልመረመረውን የአደባባይ ሰው በተመለከተ የሙያ ፍርድ እንዳይሰጥ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ደንቡ እስከ ዛሬ የሚጠራው በሰውየው ስም ነው።

ታዲያ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር የምትኖሩ ምን ታደርጋላችሁ? ለራሳችሁ ሂዱ። "ቤቴ ውስጥ እንዲህ እየሆነ ነው፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ራሴን መጠራጠር ጀምሬያለሁ" ብላችሁ። ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ደግሞ የምርመራ ውጤት የሚባለውን ነገር ጭራሽ አትጠብቁ። መዳናችሁ የእሱ በሽታ ስም እስኪታወቅ መቆየት የለበትም። አገር ቤት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። አሜሪካ ያላችሁ ለቤት ውስጥ ጥቃት 1-800-799-7233 መደወል ትችላላችሁ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ራሱ ለጠረጠረ ሰው ነው። አንድ ነገር ላስቀድም። "እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰውማ ናርሲሲስት ሊሆን አይችልም" የሚል ወሬ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እውነት አይደለም። ችግሩ ኖሮባቸው ራሳቸው የሚጠይቁ፣ ራሳቸው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ትዳር ሲፈርስ፣ ሥራ ሲጠፋ ወይም ድብርት ሲጥላቸው ነው።

ባለሙያው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ይህን ማወቅ ፍርሃቱን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የአሜሪካ የሳይካትሪ ማህበር ዲ ኤስ ኤም የሚባል፣ የአእምሮ ሕመሞችን ለመለየት የሚያገለግል መመሪያ አለው። ናርሲሲስቲክ የስብዕና መታወክ (ናርሲሲዝም እንደ ሕመም ሲቆጠር የሚጠራበት ስም) እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አሁን የሚሠራበት አምስተኛው እትም በ2013 ወጥቶ በ2022 ተሻሽሏል። ዘጠኝ ምልክቶች አሉት፣ ቢያንስ አምስቱ መሟላት አለባቸው። በእኛ ቋንቋ ስናወራቸው እንዲህ ናቸው። ራስን ከልክ በላይ ትልቅ አድርጎ ማየት። ወሰን በሌለው ስኬት፣ ሥልጣን፣ ውበት ወይም ፍጹም ፍቅር ሐሳብ ውስጥ መዋጥ። "እኔን የሚረዳኝ እንደኔ ያለ ትልቅ ሰው ብቻ ነው" ማለት። ያለማቋረጥ መደነቅ መፈለግ። የተለየ መስተንግዶ ይገባኛል ብሎ ማመን። ሰውን ለራስ ጥቅም መጠቀም። የሌላውን ስሜት ለማየት አለመቻል ወይም አለመፈለግ። ቅናት፣ ወይም "ሁሉም ይቀናብኛል" ማለት። የመጨረሻው ትዕቢት ነው።

ይህን ስታነቡ ግማሽ ዘመዳችሁ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ብቻውን የማይበቃው። ነገሩ ከጉርምስና ማብቂያ ወይም ከወጣትነት መጀመሪያ አንስቶ የነበረ መሆን አለበት። ሥራ ላይም፣ ቤትም፣ ጓደኛ ጋም መታየት አለበት፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሰውየውን ራሱን ያሠቃየ ወይም ኑሮውን ያበላሸ መሆንም አለበት። አስተዳደግም ይታያል። "ኩራት እራት ነው" እየተባለ ያደገ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ መሄዱ፣ ችግሩን ለሰው አለመናገሩ፣ ታላቅ ስለሆነ መከበር መፈለጉ ባህል እንጂ ሕመም አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ይህን ይለያል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ገጽታ ደግሞ አለ። ናርሲሲዝም ሁልጊዜ ጉራ ነፊ አይደለም። ዝምተኛ፣ አንገቱን የደፋ፣ ትንሽ ትችት ለሳምንት የምታስተኛው፣ ውስጡ ግን "ማንም የኔን ዋጋ አላወቀም" የሚል ሰው ሊሆን ይችላል። ወንድሜ ወደዚህኛው ያደላል። ውጪ ሲያዩት ትሑት ነው። አለቃው ስብሰባ ላይ ስላረመው ብቻ ሥራ ጥሎ ወጥቷል፣ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው መመሪያ ደግሞ አለ፣ አይ ሲ ዲ ይባላል። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው እትም "ናርሲሲስቲክ" የሚለውን ስም ለብቻው አያስቀምጥም። የስብዕና መታወክ መኖሩን፣ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑን፣ ከዚያም ጎልቶ የሚታየውን ባሕርይ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ሐኪማችሁ ያቺን የምትጠብቋትን ቃል ወረቀቱ ላይ ባይጽፍ አልተረዳኝም ብላችሁ አትደምድሙ። በየትኛው መመሪያ እንደሚሠራ ጠይቁት።

ኢንተርኔት ላይ የሚሞላውን ፈተና በተመለከተ ብዙ አልልም። በጣም የታወቀው 40 ጥያቄ ያለው ነው። የተሠራው ለጥናት ነው፣ ጤነኛ ሰዎች መካከል ያለውን የባሕርይ ልዩነት ለመለካት። ከፍተኛ ነጥብ ማግኘት በሽታ አለባችሁ ማለት አይደለም። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ሞልቶት ሦስት የተለያየ ውጤት አግኝቷል።

ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር ያዙ

ከሁሉም የጠቀመን ይህ ነው። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ሁሉም ነገር ከጭንቅላት ይጠፋል። ያልጠፋውንም አሳምረን ነው የምንናገረው።

አንድ ደብተር ወስዳችሁ ሳምንት ያህል በትንሽ በትንሹ ጻፉ። ቅጽል ሳይሆን ድርጊት ጻፉ። "ራስ ወዳድ ነኝ" ለሐኪም ምንም አይነግረውም። "እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ልጠይቃት ሄጄ፣ ስለ እኔ አዲስ ሥራ ስላልጠየቀችኝ ተቀይሜ በ10 ደቂቃ ወጣሁ" ግን ብዙ ይነግረዋል። ከእያንዳንዱ ድርጊት ሥር ያኔ ውስጣችሁ የተሰማችሁን ጨምሩ። ንዴት ነበር? ውርደት? ምንም?

የልጅነት ነገር ጻፉ፦ ቤት ውስጥ ማን ይወደስ ነበር፣ ማን ይሰደብ ነበር፣ አንደኛ ካልወጣችሁ ምን ይሆን ነበር። የሥራና የፍቅር ታሪካችሁን በቅደም ተከተል አስቀምጡ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንዳበቃ ጭምር። ዕዳ ካለ ዕዳውን። ከዚህ በፊት የወሰዳችሁት መድኃኒት ካለ ስሙን፣ ብልቃጡን ወይም ፓኬቱን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ጸበል ይዛችሁ መድኃኒት ያቆማችሁበት ጊዜ ካለ አትደብቁት። ሐኪሙ ሃይማኖታችሁን ሊመረምር አይደለም፣ መድኃኒቱ መቼ እንደቆመ ማወቅ ስላለበት ነው። ራስ ላይ የደረሰ አደጋ፣ የሚጥል በሽታ፣ በቤተሰብ ውስጥ የነበረ የአእምሮ ሕመም ሁሉ ይጻፍ።

መጠጥና ጫት ላይ በተለይ እውነቱን ተናገሩ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሕንፃ ይሠራል፣ ፓርቲ ያቋቁማል፣ አገር ይመራል፣ ማታ ግን ሁሉም ይጠፋል። ያ ትልቅነት ከቃሙ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሙ ይህን ሊለይ የሚችለው ስንት ቀን፣ ምን ያህል፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደምትቅሙ ከነገራችሁት ብቻ ነው።

ሌላው ከባዱ፦ ራሳችሁን ለማጥፋት አስባችሁ ታውቁ እንደሆነ። ይህን ለሐኪሙ ንገሩ። አሁን፣ ዛሬ እያሰባችሁ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አሜሪካ 988፣ እስራኤል 1201 ይደወላል።

የት፣ ማን ጋ?

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ተሳስተን ነበር። አንድ "የሥነ ልቦና አማካሪ" የሚል ማስታወቂያ ያለው ቢሮ ገባን። ሰውየው 20 ደቂቃ ካናገረው በኋላ "አዎ፣ ናርሲሲስት ነህ፣ 12 ጊዜ ትመጣለህ፣ ክፍያው በቅድሚያ ነው" አለው። ወንድሜ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም። በ20 ደቂቃ የስብዕና መታወክ አይታወቅም። ማንም ቢሆን እንዲህ ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ይህን ምርመራ የሚያደርጉት ሁለት ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ሆኖ የአእምሮ ሕክምናን ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደግሞ በዚሁ ሙያ ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው፣ በቃለ መጠይቅና በፈተና የሚመረምር፣ በንግግር የሚያክም ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የምታገኙት የሳይካትሪ ነርስ ወይም ማስተርስ ያለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። አትናቁት። የእኛን ነገር መጀመሪያ በትክክል የሰማን እንዲህ ያለ ባለሙያ ነበር፣ ወደ ሳይካትሪስት የመራንም እሱ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ስሙ ስድብ ሆኖ ስላደግን ብዙ ሰው በሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ይገባኛል። ግን ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት ጃኬት ለብሰው ከቢሮ የመጡ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ናቸው። ስሙ ከከበዳችሁ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከአዲስ አበባ ውጪ የጅማ፣ የጎንደር፣ የሐዋሳ እና መቀሌ ያለው የዓይደር ሆስፒታሎች አሉ። ወደ መንግሥት ሆስፒታል ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ማጻፍ ይጠየቃል፣ በጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ደግሞ ያለ ሪፈር ብትሄዱ ክፍያው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ታሪካችሁን በሙሉ መዘርዘር የለባችሁም። "የአእምሮ ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ፣ ሥራና ትዳር ላይ ችግር ፈጥሮብኛል" ይበቃል።

እነዚህ ሆስፒታሎች ወረፋቸው ረጅም ነው፣ በየቀኑ የሚያዩትም ብዙ ጊዜ ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ነው። ረጅም የስብዕና ምርመራ በአንድ ቀጠሮ ይጨርሱላችኋል ብላችሁ አትጠብቁ። አቅሙ ያለው ሰው የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራውን ሳይካትሪስት ከሰዓት በኋላ በሚሠራበት የግል ክሊኒክ ያገኘዋል፣ እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህን ነው።

በስልክ ስትደውሉ አራት ነገር ጠይቁ። የሙያ ፈቃድ አለው ወይ? የስብዕና መታወክ መርምሮ ያውቃል ወይ? ምርመራው ስንት ቀጠሮ ይወስዳል፣ ጠቅላላ ስንት ያስከፍላል? በመጨረሻ የጽሑፍ ውጤት ይሰጣል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የሚኮሳተር ካለ ሌላ ፈልጉ።

ውጭ ላላችሁ መንገዱ በየአገሩ ይለያል። አሜሪካ፣ የኢንሹራንስ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ ኢንሹራንሳችሁን የሚቀበሉ ሳይካትሪስቶችና ሳይኮሎጂስቶች ዝርዝር ጠይቁ። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ከ2022 ጀምሮ ያለ ሕግ ክሊኒኩ ግምታዊ ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ያስገድደዋል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሆሊም (በጤና መድን ድርጅቶቹ) በኩል ነው፣ ክላሊትም ማካቢም ሜኡሄዴትም ሌኡሚትም ብትሆኑ ከቤተሰብ ሐኪማችሁ ጀምሩ። ጀርመን 116117 ደውላችሁ ያለ ሪፈር የመጀመሪያ የሳይኮቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ቀጠሮ ማግኘት ይቻላል። እንግሊዝ ጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ጋ ነው የሚጀመረው። ዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች፣ ከአሠሪ ተደብቆ ሐኪም ቤት መሄድ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በቪዲዮ የሚያናግር ፈቃድ ያለው አገር ቤት ያለ ባለሙያ መጀመሪያ ብትይዙ ይሻላል።

የቋንቋን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። እዚህ ምርመራ ላይ አንድ ቃል ሁሉን ይለውጣል። "ኮራሁበት" እና "ኮራብኝ" ለኛ ሁለት ዓለም ናቸው፣ የችኮላ አስተርጓሚ አንድ ያደርጋቸዋል። ይሉኝታን በየትኛውም የውጭ ቋንቋ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። ስለዚህ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ከተገኘ እሱን፣ ካልተገኘ ሙያተኛ አስተርጓሚ። ልጃችሁን ወይም የትዳር ጓደኛችሁን አታስተርጉሙ። ልጅ የአባቱን ገመና እንዲተረጉም አይደረግም፣ እናንተም ልጃችሁ ፊት እውነቱን አትናገሩም።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይሆናል?

ወንድሜ የመጀመሪያው ቀን ሱፍ ለብሶ ሄደ። ገና ሳይቀመጥ ሐኪሙን "የት ነው የተማርከው?" አለው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስለ ፕሮጀክቶቹና ስለሚያውቃቸው ባለሥልጣናት አለቀ። ሐኪሙ ዝም ብሎ ሰማውና "ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ምን እንዳስብ ፈልገህ ነው?" አለው። ተናዶ ተነሳ። በር ላይ የያዝኩት ያኔ ነው።

ይህ ሊደርስባችሁ እንደሚችል አስቀድማችሁ ብታውቁት ጥሩ ነው። ይህ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ሐኪሙን ማስደነቅ ይፈልጋል፣ ካልተደነቀለት ሐኪሙን ይንቃል። ንዴቱ ሲመጣ ከመውጣት ይልቅ "አሁን ተናድጃለሁ፣ የናቅከኝ መስሎኛል" በሉ። ለሐኪሙ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ መረጃ የለም። ወንድሜ ተመልሶ የተናገረው ይህን ነው፣ ትክክለኛው ምርመራም የጀመረው ከዚያ ነው።

የማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ተማሪዎች አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ካልፈለጋችሁ ከመጀመራችሁ በፊት በትሕትና "ብቻዬን መናገር እፈልጋለሁ" በሉ።

ምርመራው በዋናነት ንግግር ነው። የደም ምርመራ ወይም ራጅ ናርሲሲዝምን አያሳይም። ሐኪሙ የታይሮይድ ወይም ሌላ ምርመራ ካዘዘ፣ የአካል ሕመም ባሕርይ ቀይሮ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። አንዳንዱ ባለሙያ እያንዳንዱን ምልክት በተራ የሚጠይቅ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ይጠቀማል። ሌላው በወረቀት ወይም በኮምፒውተር የሚሞላ የስብዕና ፈተና ይሰጣል፤ ኤም ኤም ፒ አይ የሚባለው ሁለተኛው እትም 567፣ በ2020 የወጣው ሦስተኛው ደግሞ 335 ጥያቄዎች አሉት። ረጅም ነው፣ ምሳ በልታችሁ ሂዱ። አሳምሮ ለመመለስ አትሞክሩ፣ ፈተናው ራሱን የሚያሳምር ሰው የሚያጋልጥ መለኪያ አብሮት አለ። ፈተናው በሌላ አገር ሕዝብ ላይ የተለካ መሆኑን፣ ውጤቱ ለእናንተ እንዴት እንደሚነበብ ግን ጠይቁ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ብዙ ጊዜ ሐኪሙ በደንብ የሚያውቃችሁ ሰው ማናገር ይፈልጋል፣ በእናንተ ፈቃድ። እዚህ ላይ እኛ ተሳስተናል። እናታችንን ወሰድናት። እናታችን ደግሞ የልጇን ገመና ለባዕድ አትናገርም። "ልጄ ጨዋ ነው፣ ሰው ነው ያስቀየመው" ብላ አለቀሰችና ወጣች። ሁለተኛ ጊዜ አብሮ አደግ ጓደኛውን ወሰድን። እሱ የሚወደውም፣ የሚታዘበውም ሰው ነበር። የምትመርጡት ሰው እንዲህ ያለ ይሁን፤ የሚሸፍንላችሁም፣ ሊበቀላችሁ የሚፈልግም አይሁን።

ሐኪሙ ሌላ ነገር አለመሆኑንም ያጣራል። ትልቅነቱ ለሳምንታት መጥቶ የሚሄድ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ገንዘብ የሚያስበትን ከሆነ ባይፖላር ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ደግ የነበረ ሰው ከ50 በኋላ ድንገት ጨካኝና ይሉኝታ ቢስ ከሆነ፣ ያ የስብዕና ነገር አይመስልም፣ የአንጎል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ኒውሮሎጂስት (የአንጎልና የነርቭ ሐኪም) ይየው። ድብርት፣ የቆየ ድንጋጤ፣ ሱስ፣ ሌሎች የስብዕና መታወኮች ሁሉ ይታያሉ። ለዚህ ነው በአንድ ቀጠሮ የማያልቀው። የእኛ አራት ወሰደ።

ውጤቱን ስትሰሙ

ወንድሜ ቃሏን ሊሰማ ተዘጋጅቶ ነበር። ሐኪሙ ግን አልሰጠውም። "አራቱን ምልክቶች በግልጽ አያለሁ፣ አምስተኛውን እጠራጠራለሁ። የናርሲሲስቲክ ባሕርያት አሉህ። ከዚያ በላይ ግን ሁለት ዓመት የቆየ፣ ያልታከመ ድብርት አለብህ" አለው። ታምኑኛላችሁ፣ አዘነ። ስም ያለው በሽታ ቢሰጠው ይመርጥ ነበር፣ ሁሉን ነገር በአንዴ የሚያስረዳ። መኪና ውስጥ "ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?" አለኝ። እኔ ግን ወረቀቱን እያነበብኩ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ኑሮ በትክክል ያየ ሰው የጻፈው ነገር ነበር። ሥራ ጥሎ የወጣባቸው ሦስቱም ቀናት፣ አባታችን፣ እንቅልፉ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ።

ከክፍሉ ሳትወጡ እነዚህን ጠይቁ፦ የትኞቹን ምልክቶች አየህ፣ ከምን ተነስተህ? ምን ያህል እርግጠኛ ነህ? አብሮ ያለ ሌላ ሕመም አለ? ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? መልሱን ጻፉ፣ ወይም አብሯችሁ ያለው ሰው ይጻፍ። የጽሑፍ ውጤቱን ኮፒ ጠይቁ። ካልተስማማችሁ ሌላ ባለሙያ ማየት መብታችሁ ነው፣ ግን ንዴቱ ይብረድ። ሁለት ሳምንት ቆዩ፣ ወረቀቱን ደግማችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ወስኑ። ደስ የሚል መልስ እስክታገኙ አምስት ሐኪም መዞር ሁለተኛ አስተያየት አይባልም።

ለማን ትናገራላችሁ? ለመሥሪያ ቤት መናገር ግዴታ የለባችሁም። ወረቀቱን ቤት ውስጥ ማንም በሚያገኘው መሳቢያ አታስቀምጡ። ጠብ ሲነሳ "አንተ በሽተኛ" የሚል ሰው እጅ እንዳይገባ። ወረቀቱን ለቀድሞ እጮኛ ወይም ለትዳር ጓደኛ "ይኸው፣ ሕመም ነው" ብሎ መላክም አለ። ወንድሜ ሊልክ ጽፎ ነበር። ቴራፒስቱን ሳታማክር አትላክ አልኩት። ያደረሰባት ጉዳት በወረቀት አይጸዳም፣ እሷም የሚቆረቁራትን ነገር ደግማ እንድታነብ መገደድ የለባትም።

ከዚያ በኋላ

ናርሲሲስቲክ የስብዕና መታወክን የሚያድን ክኒን የለም። መድኃኒት የሚሰጠው አብሮ ላለው ድብርት፣ ጭንቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት ነው። ዋናው ሕክምና ሳይኮቴራፒ ነው፣ በወራት ሳይሆን ብዙ ጊዜ በዓመታት የሚቆጠር። ስኪማ ቴራፒ የልጅነት ቁስሎችን ይዞ ይሠራል። ሳይካትሪስቱ ኦቶ ከርንበርግና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ሌላ ዓይነት ሳይኮቴራፒ ደግሞ በታካሚውና በቴራፒስቱ መካከል የሚፈጠረውን ስሜት ራሱን እንደ መሣሪያ ይጠቀማል። አገር ቤት እነዚህን በስማቸው የሚሠራ ሰው ማግኘት ሊከብድ ይችላል። ስሙን ሳይሆን ሰውየውን ፈልጉ፦ የማይፈራችሁ፣ የማይሸነግላችሁ፣ ሳምንት በሳምንት የሚገኝ።

ሰው የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ነው። ቴራፒስቱ አንድ ቃል ይናገራል፣ ታካሚው ይቀየማል፣ ይቀራል። ስለዚህ ገና ሲጀመር ተነጋገሩ፦ "ብቀር የምቀረው ስለተቀየምኩ ነው፣ ደውልልኝ" በሉት። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ ስትወጡም የሚቀጥለውን ቀን አስጽፋችሁ ውጡ፣ "እደውላለሁ" ብላችሁ አትሂዱ።

ወንድሜ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሄዳል። እናታችን "ትምህርት" ነው የምትለው፣ እኛም አላረምናትም። ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ሁለቱንም ጊዜ ማንም ሳይነግረው ራሱ ደውሎ ቀጠሮውን አስተካክሏል።